የሠራተኛው ማኅደርና ተለማማጁ ተማሪ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት፣ ስለ ድልድይና ስለ ግድብ መነጋገር የተለመደ ነው። ስለ ሠራተኛ አስተዳደር ክፍል፣ ይልቁንም በዚያ ክፍል ለጥቂት ወራት ስለሚለማመድ ተማሪ መናገር ግን ከሙያው የራቀ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። መንገድ የሚሠራው ሰው ነው፤ የሰውየው ስም፣ የሠራበት ቀንና የሚከፈለው ገንዘብ የሚሰፍረው ደግሞ መሐንዲሱ ወይም ወኪሉ በፈረመበት ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ከተሳሳተ መንገዱ ቢያምርም ሥራው ጎደሎ ነው። ስለዚህ ያን ወረቀት አንሥቶ እንዲመረምር የሚላከው ተማሪ ምን እንደሚያይና ምን ተምሮ እንደሚመለስ ማወቁ ለዚህ ማኅበር አባላት የሚገባ ጉዳይ ነው።

የሠራተኛ አስተዳደር ጥናት ራሱ ከመሐንዲሶች እጅ የወጣ ነው። ሥራን በሰዓትና በእንቅስቃሴ እየለኩ ማደራጀትን በ1911 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋው ፍሬደሪክ ቴይለር የመካኒክ መሐንዲስ ነበር። በ1924 እ.ኤ.አ. በቺካጎ አጠገብ በነበረው የዌስተርን ኤሌክትሪክ የሆቶርን ፋብሪካ የተጀመረው ዝነኛ ምርመራም መነሻው የመብራት ብርሃን በሥራ ውጤት ላይ ምን ለውጥ ያመጣል የሚል የመሐንዲስ ጥያቄ ነበር። ውጤቱ ከብርሃኑ መጠን ጋር አልገጣጠም ባለ ጊዜ መርማሪዎቹ ዐይናቸውን ከአምፖሉ ወደ ሠራተኛው መለሱ። ተማሪ ትምህርቱን ከሥራ ቦታ ጋር እያፈራረቀ እንዲማር የሚያደርገውን ሥርዓት በ1906 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ኸርማን ሽናይደርም የሲቪል ምህንድስና መምህር ነበር። ዛሬ «ኢንተርንሺፕ» እየተባለ የሚጠራው የሥራ ልምምድ አንዱ ምንጩ ይኸው ነው።

የሀገራችን ልምድ

በሀገራችንም ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን ሲያሠለጥን ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እየወጡ እንዲሠሩ ያደርግ ነበር። የሦስቱ ሙያ ተማሪዎች በአንድ ጣቢያ ስለሚሠሩ አንዱ የሌላውን ሥራ ያያል፤ ስሕተቱም በዚያው በሥራው ቦታ ይታረማል።

ከዚያ በኋላ በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። በዚህ ፕሮግራም ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ የትምህርት ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ነበረበት። ብዙዎቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበር። ከሙያቸው ውጭ የተመደቡ መኖራቸው እንደ ጉድለት ቢቆጠርም አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ተማሪው የሚሠራው እውነተኛ ሥራ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ተማሪዎች ተቀምጠው ይጠብቁታል፤ እርሱ ካልገባ ትምህርቱ ይቀራል። በ1967 ዓ.ም. የተካሄደው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ተማሪውንና መምህሩን በአዋጅ ወደ ገጠር ያዘመተ የመንግሥት እንቅስቃሴ እንጂ የሙያ ልምምድ አልነበረም።

የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥርና አስተዳደር በአንድ ደንብ የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የሠራተኛ አስተዳደር ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ መጣ። በምህንድስና በኩል ደግሞ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጀርመን ትብብር በተካሄደው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ዘመን ተማሪው ከአምስቱ ዓመታት ትምህርቱ አንዱን ሴሚስተር በሥራ ቦታ እንዲያሳልፍ ተደረገ። በሌሎች የትምህርት ዘርፎች፣ በማኔጅመንትም ጭምር፣ የሚሰጠው የልምምድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው። ጊዜው አጭር በሆነ ቁጥር አጠቃቀሙን አስቀድሞ ማሰብ ግድ ይሆናል።

ከካምፑ ቢሮ ውስጥ

ጉዳዩ በግልጽ እንዲታይ አንድ ሁኔታ ይታሰብ። ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ እንዲህ ያለውን የተራራ መንገድ መጠበቅና ማደስ የማያቋርጥ ሥራ ሆኗል። ክረምት በገባ ቁጥር ዐፈር ይናዳል፤ ድንጋይ ይወርዳል፤ የውሃ መውረጃ ይደፈናል። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ በተሰማራ አንድ ተቋራጭ ካምፕ፣ በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለሁለት ወር ተመደበች እንበል።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚገጥማት ነገር ልምምድ የወጣ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ወንበር አልተዘጋጀላትም። የክፍሉ ኃላፊ ደብዳቤዋን አንብቦ «ለጊዜው እዚያ ተቀመጪ» ይላታል። ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፤ ፋይል ታመላልሳለች፤ ሲላት ደግሞ ሰዎች ሲገቡና ሲወጡ ትመለከታለች። በክፍል ውስጥ የተማረችው ስለ ሰው ኃይል ዕቅድ፣ ስለ ሥራ ዝርዝርና ስለ ሥራ ውጤት ምዘና ነው። ከፊቷ ያለው ግን በአቧራ የተሸፈነ የብረት ሣጥንና የተቀዳደደ የማኅደር ክምር ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ልምምዱም ለዘገባ የሚሆን ማኅተም እስኪገኝ ድረስ ቀን መቁጠር ብቻ ይሆናል።

በሁለተኛው ሳምንት ማኅደሮቹን በፊደል ተራ እንድታስተካክል ትታዘዛለች። ይህ ተራ የሚመስል ሥራ የሙያው በር ነው። ምክንያቱም የመጀመሪያው ችግር ስም ሆኖ ይገኛል። ኃይሉ በአንዱ ወረቀት በኃ፣ በሌላው በሐ፣ በሦስተኛው በሃ ተጽፏል፤ ዓለሙም አንድ ጊዜ በዓይኑ ዓ፣ ሌላ ጊዜ በአልፋው አ ይገኛል። አንዳንዱ ሲቀጠር የክርስትና ስሙን አስመዝግቦ በመታወቂያው ላይ የዓለም ስሙ ይነበባል። አያት ያልተጻፈለት አለ። የትውልድ ቦታም እንዲሁ ነው። ከመሸሃ ወንዝ ባሻገር በራስ ዳሸን ግርጌ ከምትገኘው ከአምቢኮ የመጣ ሰው፣ አንዱ ጸሐፊ አምቢኮ፣ ሌላው አምቢቆ ብሎ ስለሚጽፍለት የሁለት መንደር ሰው ሆኖ ይታያል። ለፊደል አዋቂ ይህ ሁሉ አንድ ነው፤ ወረቀት ለሚያመሳክር ሒሳብ ሹም ግን ሁለት ሰው ነው።

ዕድሜም ሌላው ፈተና ነው። ገጠር የተወለደ ሰው የልደት ምስክር ወረቀት ሳይኖረው «በእገሌ ዘመን፣ ረኃቡ በገባ ዓመት» እያለ ዕድሜውን ይገምታል። ጸሐፊው በችኮላ የጻፈው ግምት ግን ሰውየው መጀመሪያ ሲቀጠር የሰፈረ ስለሆነ ለጡረታ የሚታሰበው እርሱ ነው። በኋላ ላርመው ማለት ቀላል አይደለም። አንዲት የቁጥር ስሕተት ሰውየውን ጉልበቱ ካለቀ በኋላ ዓመታት ታሠራዋለች፤ ወይም ገና በብርታቱ ሳለ ታሰናብተዋለች።

ተማሪዋ የጡረታን ሒሳብ በዚህ ጊዜ ትረዳለች። በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ከወጣ ወዲህ በቋሚነት ለሚሠራ ሰው ከደመወዙ 7 በመቶ ከራሱ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ገቢ እንዲሆን ተደንግጓል። ደመወዙ 4,000 ብር ለሆነ ሰው 280 ብር ከእርሱ፣ 440 ብር ከድርጅቱ፣ በድምሩ 720 ብር በየወሩ በስሙ መግባት አለበት ማለት ነው። የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ መሆን ያስፈልጋል። 10 ዓመት ሠርቶ የአንዱ ዓመት ማስረጃ ከጠፋበት ሰው ማኅደር ውስጥ የሚገኘው 9 ዓመት ብቻ ነው። እንግዲህ የጠፋችው አንዲት ገጽ የምትወስደው የአንድ ዓመት ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ የቀረውን ዘመን እንጀራ ነው። ይህን የተረዳች ተማሪ ፋይል መደርደርን ከዚያ በኋላ የተላላኪ ሥራ አድርጋ አታየውም።

ሦስቱ ቀኖች

በአምስተኛው ሳምንት የቀን ሠራተኞችን የመገኘት መዝገብ ከክፍያ ዝርዝሩ ጋር እንድታመሳክር ይሰጣታል። የቀን ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው። ገብሱ ከታጨደ በኋላ ይመጣሉ፤ ዝናቡ ሲቃረብ ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ። ስማቸውን ጠዋት በ12 ሰዓት የሚጠራው ካቦው ነው፤ ከደብተሩ ወደ ቅጹ የሚገለብጠው ታይም ኪፐሩ ነው፤ ቅጹ ላይ የሚፈርመው የሳይቱ መሐንዲስ ነው፤ ሒሳቡን የሚያወጣው ቢሮው ነው። አንድ ስም በአራት እጅ ያልፋል።

በዚህ ማመሳከር ውስጥ በካቦው ደብተር 24 ቀን የሠራ አንድ ሰው በክፍያው ዝርዝር 21 ቀን ብቻ ተከፍሎት ታገኛለች። ሰውየው ማንበብ ስለማይችል የፈረመው በጣት አሻራው ነው። ሦስት ቀን ለድርጅቱ ምንም አይደለም። ለሰውየው ግን ለቤቱ የሚገዛው ጨውና ዘይት፣ ለልጁ የሚገዛው ደብተር ነው። ስሕተቱ ከመገልበጥ የመጣ ይሁን ከሌላ ነገር በወረቀቱ ላይ አይታወቅም።

የተለማማጅ ተማሪ እውነተኛው ፈተና እዚህ ላይ ነው። መናገር ይገባታል፤ ነገር ግን የልምምዷን ነጥብ ሞልቶ የሚፈርመው የዚያው ክፍል ኃላፊ ነው። በካምፑ ውስጥ እንግዳ ናት፤ ከሁለት ወር በኋላ ትሄዳለች፤ ካቦውና ታይም ኪፐሩ ግን ይቀራሉ። «ልጄ፣ ምን አገባሽ?» የሚላት አይጠፋም። ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም፤ ዘገባዋም በሥርዓት ተጽፎ ጥሩ ነጥብ ያገኛል። ዝም ማለትን የተማረች ተማሪ ግን ነገ የክፍል ኃላፊ በሆነች ጊዜ ይህንኑ ዝምታ ደንብ አድርጋ ትይዘዋለች። በአንጻሩ አደባባይ ወጥታ ብትጮኽ ያልተጣራ ነገር በሰው ላይ መለጠፍ ይሆንባታል፤ በእምነት የተሰጣትንም ማኅደር ምሥጢር ታወጣለች።

ትክክለኛው መንገድ በሁለቱ መካከል ያለ ቀጭን መንገድ ነው። የሁለቱን መዝገቦች ቀን በቀን በአንድ ወረቀት አሰልፋ፣ ልዩነቱን ያለ አንዳች አስተያየት አሳይታ፣ ለቅርብ ኃላፊዋ በጽሑፍ ማቅረብ ነው። ኃላፊውም ቅጹን ወደ ፈረመው መሐንዲስ መልሶ መጠየቅ አለበት። ይህ ግን ሊሆን የሚችለው ድርጅቱ የተማሪን ጽሑፍ የሚቀበልበት ሥርዓት፣ ዩኒቨርሲቲውም ተማሪዋ ስትቸገር የምትጠይቀው አማካሪ መምህር ሲኖር ነው። ያለዚህ ድፍረትን ከ21 ዓመት ልጅ ብቻ መጠበቅ ፍርድ ማጓደል ነው።

መሐንዲሱም በዚህ ነገር ከደሙ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም። የኮንክሪት ናሙና ሳይሰበርና ጥንካሬው ሳይታወቅ የምርመራ ወረቀት ላይ የሚፈርም መሐንዲስ በሙያው ፊት ተጠያቂ ነው። የቀን ሠራተኞችን ቅጽ ሳያነብ የሚፈርምስ? ሁለቱም ፊርማዎች የሚያረጋግጡት አንድ ነገር ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያለው በመሬት ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን።

ሕጉና የመንደሩ ደንብ

ተማሪዋ በካምፑ ሳለች የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከመጽሐፍ አውጥታ በሰው ላይ ታየዋለች። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት መሆኑን፤ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ እንደሌለበት፤ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ ጽሑፍ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት እንዳለበት፤ ሠራተኛው ሲለቅ የሠራውን ሥራ፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ማግኘት እንደሚገባው ታነባለች። ከዚያም ከፊቷ ያሉትን ማኅደሮች ገልጣ እነዚህ ነገሮች የትኛው ውስጥ እንዳሉ፣ ከየትኛው እንደጎደሉ ትቆጥራለች። ይህ ቆጠራ ከአሥር የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ ይበልጥ ያስተምራታል።

ሰውን በመዝገብና በደንብ ማስተዳደር ከውጭ ሀገር የመጣ ዕውቀት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በየመንደሩ ያለው እድር ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ የአባላት መዝገብ፣ የመዋጮና የቅጣት ደንብ አለው። አባሉ ሳይጠየቅ ከመዝገብ አይፋቅም፤ ቅሬታ ካለው በጉባኤ ይሰማል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ከተከለለና በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህም በደባርቅ ጎብኚ የሚያጅቡ አስጎብኚዎች፣ ባለ በቅሎዎችና ምግብ አብሳዮች ተደራጅተው ሥራውን በተራ የመከፋፈል ልማድ አዳብረዋል። ተራ ማለት ዛሬ ያልደረሰው ነገ እንዲደርሰው የሚያደርግ ፍርድ ነው። የተራው መዝገብ ከተበላሸ ጠቡ ወዲያውኑ ይነሣል፤ ምክንያቱም መዝገቡን ሁሉም ያየዋል። የድርጅት መዝገብ የሚበላሸው ግን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ስለሆነ ጠቡ የሚነሣው ከዓመታት በኋላ፣ ምስክሩ ከሞተና ጸሐፊው ከተለወጠ በኋላ ነው። ተማሪዋ ከእድሩ ጸሐፊ የምትማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ መዝገቡ ለባለቤቱ ይነበብለት። ማንበብ የማይችለው ሠራተኛ አሻራውን ከማስቀመጡ በፊት የቀኑ ቁጥር ጮኽ ተብሎ ቢነበብለት ሦስቱ ቀኖች ባልጠፉ ነበር።

ምን ቢደረግ ይሻላል

ከዚህ በላይ ከተመለከተው የሚከተሉት ሐሳቦች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ተማሪ ከመምጣቱ በፊት የሚሠራው ሥራ ተለይቶ በጽሑፍ ይዘጋጅ። ለሠራተኛ አስተዳደር ተለማማጅ ከሁሉ የሚሻለው የአንድን ሠራተኛ ማኅደር ከቅጥሩ እስከ ስንብቱ ተከትሎ መመርመር ነው። በአንድ ማኅደር ውስጥ ቅጥር፣ ዕድገት፣ ፈቃድ፣ ቅጣት፣ ጉዳትና ጡረታ ሁሉም ይገኛል።

ሁለተኛ፣ የልምምዱ ጊዜ በቢሮ ብቻ አይለቅ። ተለማማጁ ጠዋት በ12 ሰዓት ስም ሲጠራ ካቦው አጠገብ ቆሞ ይመልከት። ስሙን ያየውን ሰው ፊቱንም ሊያውቀው ይገባል። የምህንድስና ተለማማጅም በተራው ጥቂት ቀን ከሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ይቀመጥ፤ የጎንደሩ ኮሌጅ ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸውን ተማሪዎች በአንድ ጣቢያ አብሮ ማሠራቱ ዛሬም የሚሠራ ትምህርት ነው።

ሦስተኛ፣ ነጥቡ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን። ኃላፊው ስለ ትጋትና ስለ ሰዓት አክባሪነት ይመስክር፤ የሥራውን ፍሬ ግን ዩኒቨርሲቲው ከጽሑፉ ይመዝን። እንዲህ ሲሆን ተማሪው እውነት በመናገሩ የሚፈራው ነገር ይቀንሳል።

አራተኛ፣ የተማሪው ዘገባ ወደ መደርደሪያ ከመውጣቱ በፊት ለድርጅቱ ይነበብ። ብዙ ዘገባ ድርጅቱን እያመሰገነ ይጀምርና እያመሰገነ ያልቃል፤ በመካከሉ የሚገኘውን ቁም ነገር የሚያነበው የለም።

አምስተኛ፣ ስለ ቀለቡና ስለ ማደሪያው ይታሰብ። ከደሃ ቤት የመጣ ተማሪ በማያውቀው ከተማ ሁለት ወር ቤት ተከራይቶ፣ ምግብ ገዝቶ ያለ አበል እንዲሠራ ማድረግ ልምምዱን የባለጠጋ ልጅ ዕድል ያደርገዋል። ካምፕ ያለው ተቋራጭ አንድ አልጋና አንድ ማዕድ አይቸግረውም።

የማኅበሩ አባላት ብዙዎች ሳይት የሚመሩ፣ ክፍል የሚያስተዳድሩና ድርጅት ያቋቋሙ ናቸው። የቀረቡትን ሐሳቦች ለመፈጸም አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ አዲስ በጀትም ብዙ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ተማሪው የልምምድ ደብዳቤውን ይዞ በመጣ ቀን ወንበር፣ ሥራና የሚጠይቀው ሰው ማዘጋጀት ነው። ተማሪው የሚመረምረው መዝገብም ለምርመራ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ሊማሊሞ ላይ ድንጋይ የፈለጠ ሰው ስሙ በትክክል ተጽፎ፣ ቀኑ በትክክል ተቆጥሮ፣ ሲደክም የሚጦርበት ማስረጃ በማኅደሩ ውስጥ መገኘቱን ማረጋገጥ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ ሥራ ነው፤ የፈረመው መሐንዲስም ሥራ ነው። ይህን በሁለት ወር ውስጥ አይቶ የተመለሰ ተማሪ ከየትኛውም መማሪያ ክፍል የማያገኘውን ትምህርት ይዞ ይሄዳል፤ ድርጅቱም ለወደፊት የሚቀጥረውን ሰው አስቀድሞ አሠልጥኗል ማለት ነው።